ቮልሷ ጉናን ልትወጣ

ከደብረ ታቦር ወደ ክምር ድንጋይ በሚወጣው ታክሲ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት መካኒክ ተቀምጠዋል።

“ነገ አሮጊቷን ቮልስዎን ይዘው፣ ነዳጅ ረግጠው እስከ ጉና ተራራ ጫፍ ይወጣሉ” አለ መካኒኩ። “እላይ ሲደርሱ ያጠፏታል፤ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ነቅዬ አያለሁ። ከጠቆረ ካርቡራተሩ ቤንዚን እያበዛ ነው፣ በሌላ እንቀይረዋለን።”

“አይጠቁርም። አባቴ ከገዟት ጀምሮ ያው ካርቡራተር ነው። ሌላ አታውቅም፤ ወደፊትም አታውቅም።”

“ባለፈው ግን ሙከራውን ያበላሹት እርስዎ ነዎት።”

“ምን አድርጌ?”

“በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እየቆሙ ሲሳለሙ። እግርዎ ከነዳጁ ከተነሳ ካንዴላው እውነቱን አይናገርም።”

“ታዲያ ታቦት በሩጫ ይታለፋል? እኔ እንዲያ አላደግሁም።”

“ነገስ እንዴት ሊያደርጉ ነው?”

“ዛሬ በታክሲ የመጣሁት ለምን መሰለህ ልጄ? በመንገዱ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ የነገውን ጭምር ዛሬ ልሳለማቸው ነው። ነገ ሳልቆም አልፋለሁ።”

“ታቦታቱ ይቀበሉዎታል?”

“ቮልሷን ያውቋታል። በደጃቸው ስንት ሙሽራ ይዛ አልፋለች።”

ቀጣዩ ቤተ ክርስቲያን ከዳገቱ ላይ ብቅ ሲል፣ እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ስለ ቮልሷ ተሳለምኩ።