የአማቴ አጥሚት

ደብረ ማርቆስ ኦፕራሲዮን ሆኜ፣ ማህፀኔ ወጥቶ ማንኩሳ ስመለስ ያስታመሙኝ አማቴ ናቸው። ሐሰት አልናገርም፤ ቁስሌን በሞቀ ውሃ እየጠረጉ፣ እንስራ እንዳላነሳ እየተቆጡ፣ አጥሚት በቅቤ እያጠጡ እንደ እናት አስታመሙኝ። አንድ ቀን፣ «እማማ፣ ይህን ውለታዎን በምን እመልሰዋለሁ?» አልኳቸው።

«ምን ውለታ አለ ልጄ! አንቺ ብቻ ቶሎ ዳኚና ለጥር ድረሺልኝ። እንዳንቺ ጠላ የሚጠምቅ ከየት አገኛለሁ?»

«ጥር ምን አለ?»

«ልጄን ልድረው ነዋ!»

ከባሌ ሌላ ልጅ የላቸውም።

«ታዲያ ያለ ዘር ይቅር?» አሉና የአጥሚቱን ዋንጫ ወደ አፌ አስጠጉልኝ። «በይ ጠጪ፣ አቅምሽ ይመለስ።»

ነጥቄ ልወረውርባቸው ብዬ ነበር፤ ክንዴ ገና አልጠናም። ጠጣሁት።