ጎተራ የሚያህል የአልጋ ልብስ

አልጋ ማለት አራት እግር ያለው፣ ሰው ሲመሽ የሚወጣበት፣ ሲነጋ የሚወርድበት ዕቃ ነው። ወርዱ አምስት ጫማ፣ ቁመቱ ሰባት ጫማ የማይሞላ። ሁለት ሰው ተኝቶበት አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ከነቃ፣ አልጋ ነው። ካልነቃ ሜዳ ነው። ይህን የምልሽ፣ ዊልዳ፣ አልጋ ልለውጥ ነው ስላልሽኝ ብቻ ነው። ለክተሽ ግዢ። ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ቁጭ በይ እስቲ። የፍራፍሬ ፓይ መጋገሪያ ሳህኔን አጥበሽ መመለስሽ ደግሞ... አንቺ እኮ ድሮም እንዲህ ነሽ። የልጅሽ እግር እንዴት ሆነ? ሁለት ወር ሙሉ ነብራስካ ስትቀመጪ በቆሎው ትከሻ አክሏል። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው። አኩሪ አተሩም ደህና ነው። እዚህ ምንም አዲስ ነገር የለም... ከሠርጉ በቀር።

ታቢታ እንዴት አምሮባት ነበር መሰለሽ። የኤልደን ልጅ መሆኗ ፊቷ ላይ ነው የሚታየው፤ የወንድሜ ግንባር፣ የእናቴ አገጭ። ቀሪው ከየት እንደመጣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ግን እሱም አምሮባታል።

የእኛን ቤት ወግ ታውቂያለሽ። ለሙሽራ የአልጋ ልብስ የምትሰፋው የአባቷ እህት ናት። ለእኔ አክስቴ ሰፋችልኝ፣ ለአክስቴም አክስቷ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅሚያለሽ፣ ካሬ በካሬ ትገጣጥሚያለሽ፣ ከሥሩ ጥጥ ታደርጊና በእጅሽ ጥቅጥቅ አድርገሽ ትሰፊዋለሽ። ታቢታ የቤቱ የመጨረሻ ሴት ልጅ ናት፤ እኔም ከእሷ ሌላ የወንድም ልጅ የለኝም። ተራው የማን እንደነበር እንግዲህ... ሕፃን ልጅ ቢጠየቅ አይስትም።

አንዲት ሴት ግን አዘነችልኝ። ስም አልጠራም። እኔ በተወለድኩበት ቤት የምትኖር፣ ከወንድሜ ጋር በአንድ ማዕድ የምትበላ ሴት ናት፤ ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ። «አንቺ ዓይንሽን አታድክሚ፣ የታቢታን እኔ እሰፋዋለሁ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ዛሬ የት ይገኛል? ዓይኔ መድከሙን እኔ ራሴ አላወቅኩም ነበር። ሰው ካልነገረሽ በምን ታውቂያለሽ? ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይላሉ፤ እሷ በራሷም በእኔም አየችበት።

ደግሞስ ንድፉን ከየት ወሰደችው ብትዪ፣ ከኤልደን የድርቆሽ ጎተራ ግንባር። አባቴ ለእናቴ የቀባላትን ያንን ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ። ከእናቴ አልጋ ልብስ ላይ ገልብጦ በሳንቃ ላይ ሳለው፣ ስምንት ጫማ በስምንት ጫማ አድርጎ፣ ከመንገድ መኪና የሚነዳ ሰው እንዲያየው ብሎ። የእናቴ ልብስ አልቆ ከተጣለ ስንት ዓመቱ። ስለዚህ ያቺ ሴት ከሳንቃው ወደ አልጋ ልትመልሰው አሰበች። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። እኔም ሳልጠየቅ ቆንጆ ነው ብያለሁ።

መሰላል ወጣች፣ በስድሳ ዓመቷ። እኔ ብሆን ከታች ቆሜ፣ ንድፉን በወረቀት ነድፌ፣ ለአልጋ በሚሆን መጠን አሳንሼ እቆርጠው ነበር። ሰነፍ ነኛ። እሷ ግን ሜትር ይዛ ወጣች። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለውን ሰምታለች፤ አሥር ጊዜ ለካች፣ አሥሩንም ጊዜ ስምንት ጫማ ሆነ። ስህተት ነው የሚል ሰው አለ? ስምንት ነው። ከዚያ የስፌት መጽሐፏን ገለጠች። መጽሐፉ ለአንድ ሰፊ አልጋ አሥራ ሁለት ካሬ ይበቃል ይላል። አሥራ ሁለት ካሬ ለመስፋት ተነሣች። እያንዳንዱን ስምንት ጫማ።

አትሳቂ፣ ዊልዳ። እኔ አልሳቅኩም።

የመጀመሪያውን በጥር ጨርሳ አልጋዋ ላይ ዘረጋችው። አልጋው ጠፋ። ትራሱ ጠፋ። ዳርና ዳሩ ወደ ወለሉ ተንዘረፈፈ። ሌላ ሴት ብትሆን እንግዲህ አለቀ ብላ መርፌዋን ትሰካ ነበር። እሷ ግን ምን አለች? «አሥራ አንድ ይቀረኛል።» ጽናት ማለት ይሄ ነው። እኛ ሌሎቻችን ሥራ ሲያልቅ እናቆማለን።

ለአባቴስ ያላት አክብሮት? አባቴ ያንን ሳንቃ ሲቀባ ጉንፋን ይዞት ነበርና አንዷን ሦስት ማዕዘን አዙሮ ቀባት። እናቴ ሠላሳ ዓመት እያየች አንድ ቀን አልነገረችውም። ይቺ ሴት ያቺን ሦስት ማዕዘን አሥራ ሁለት ጊዜ አዙራ ሰፋቻት። ግንደ ቆርቁር የበሳው ቀዳዳም አለ፤ ለእሱ አሥራ ሁለት ክብ ጥቁር ጨርቅ። ወፎቹ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያወረዱት ነገር ደግሞ አለ... እሱን ከነጭ ሐር ሠራችው። ሐር ነው ያልኩሽ። ለሙሽራ ነዋ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ካሬዎቹን ለመገጣጠም ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ይዛቸው መጣች። ያኔ አንቺ ልትሄጂ ሻንጣ እያሰርሽ ነበር። ስድስተኛው ሲገጠም ጨርቁ ግድግዳ ነካ። ስምንተኛው ላይ ደረጃውን ይዞ ወጣ። የስፌት ማኅበሩ ሴቶች ሰባታችንም ዳር ዳሩን ይዘን ቆምን። እኛ አገር ለሰው ፊት ለፊት ምን ይባላል? ዶሪን መነጽሯን ወልውላ «ለየት ያለ ነው» አለች። መጋቢውም መውረድ ስላልቻሉ ከደረጃው አናት ላይ ሆነው አዩትና «ለየት ያለ ነው» አሉ። በዚህ ወረዳ ከዚህ የከበደ ቃል እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ የሬይበርን ቤት የተቃጠለ ቀን ያልነው እንኳ እሱን ነው። እሷ ግን «አመሰግናለሁ» አለች። ትሑት ናት።

እዚያ ቦታ ስለጠበበ ኤልደን ድርቆሹን አስወጥቶ ጎተራው ውስጥ መወጠሪያ ሠራልን፤ ሠላሳ ሁለት ጫማ በሃያ አራት። ዙሪያውን ተቀመጥን። እኔንም ጠሩኝ፣ ምስጋና ይግባቸው። በሩ አጠገብ ያለችው ጥግ ተሰጠችኝ፣ ብርሃን እንዳይቸግረኝ። እሷ ከማዶ ጥግ ሆነች። አምስት ሳምንት አንድ ልብስ ላይ ተቀምጠን፣ ሰላም ለመባባል መጮህ ስለሚያስፈልግ ተውነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተስማምተን አናውቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኛን ደግሞ አራርቆ አስታረቀን። መሃሉን የሰፋችው ዶሪን ናት። የድርቆሽ እስር ከሥር ደርድረንላት፣ ጫማዋን አውልቃ በሆዷ እየተሳበች ገባች። ምሳዋን ወረወርንላት።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። ታቢታ በምትተኛበት ልብስ ላይ የእኔም እጅ ይኑርበት። ሙሉውን ካልተሰጠሁ ጥጉን። ያቺን አንዲት ካሬ ከሩዝ ፍሬ በማይበልጥ ስፌት እየሰፋሁ፣ አክስቴ ያደረገችልኝን እየመለስኩ ተቀመጥኩ። ይኼው ነው። ብዙ ነው እንዴ?

ደግሞ አንድ ወግ አለን፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስፌቷ የረዘመባት ሴት ሻይዋን ጠጥታ፣ ተመስግና፣ ትሄዳለች። መኪናዋ ከግቢ እንደወጣ ሌሎቹ ስፌቷን ይፈቱና እንደገና ይሰፉታል። ለእሷ አይነገራትም። መልካም ሰዎች ነንና። ማንም ማንንም አያሳፍርም... ሳታውቅ ካልሆነ በቀር።

ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኤልደን ጎተራው ውስጥ፣ ከመወጠሪያው በስተኋላ የቆመውን ትራክተር ፈለገው። ያቺ ሴት የዚያን ቀን ለቀሚሷ ከተማ ወርዳ ነበር። እሱና ጎረቤቶቹ ልብሱን ከመወጠሪያው አወጡና እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው ትራክተሩን አሳለፉ፤ ከዚያ መልሰው ዘረጉት። ከሌላኛው ጫፍ ጀምረው። በሩ ጋ የነበረው ማዶ ሄደ፣ የማዶው በሩ ጋ መጣ። አሥራ ሁለቱ ካሬ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማን ይለየዋል? ግንደ ቆርቁሩም ቢሆን አሥራ ሁለት ጊዜ ነው የበሳው። ወንበሮቹን ግን በየቦታቸው መለሱ፤ የእኔን ባለ ትራሷን በሩ አጠገብ። ዶሪንና እኔ የሎሚ ውሃ ይዘን ቆመን አይተናል። ወንዶቹን በሥራቸው መሃል ማረም ደስ አይልም።

በማግስቱ ጠዋት ያቺ ሴት ከሁላችን ቀድማ መጣች። ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ ያለውን ስፌት አየች። እኔ በሩ ላይ ስደርስ ሴቶቹን ሰብስባ፣ «ኑ እዩልኝ፤ ይሄ ከመርዘሙ ሲተኙ የእግር ጥፍር የሚይዝ ስፌት ነው። ምስኪን፣ አልፈርድባትም፣ ዓይኗ ነው እኮ» ትላለች።

ቀረብ ብዬ አየሁት። እውነቷን ነው። ዶሮ ጭቃ ረግጣ የሄደችበት ነው የሚመስለው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ፤ ፍርዱ ትክክል ነበር። ያንን ጥግ አምስት ሳምንት ማን እንደሰፋው እኔና ዶሪን እናውቃለን፤ እሷ ደግሞ ከሁላችን በላይ ልታውቀው ይገባ ነበር፣ የገዛ እጇ ነዋ። ግን ሰው የራሱን ሥራ እንዲህ ያለምንም አድልዎ ሲመዝን መሃል ገብተሽ ምን ትያለሽ?

«መቀስ ታቀብዪኛለሽ?» አለችኝ። አቀበልኳት።

ሦስት ቀን ፈታች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እሷ ግን ተቀምጣ፣ ተረጋግታ፣ እያዘነችልኝ ነው የፈታችው። እኔን «አንቺ ዕረፊ» ስላለችኝ በሁለተኛው ቀን የኮክ ፓይ ጋግሬ ወሰድኩላት። «ክፉ አይደለሽም እኮ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ዶሪን ከመሃል ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ «ለየት ያለ ነው» አለችና ተመልሳ አጎነበሰች።

እንደገና ለመስፋት ጊዜ አልቀረም። ሠርጉ ደረሰ። ልብሱን ድርቆሽ በሚጫንበት ተጎታች ላይ አድርገው ወደ ሙሽሮቹ ቤት ወሰዱት። ቤቱ ከብረታ ብረት መደብሩ በላይ ነው፣ ሁለት ክፍል። በበሩ አልገባ አለ። በመስኮት ሞከሩ። በመጨረሻ ታቢታ፣ የአባቷ ልጅ አይደለች እንዴ፣ ወርዳ ተጎታቹን ዞረችው፣ አንዷን ካሬ በክንዷ ለካችና «ይቺ አንዷ እኮ ለአልጋዬ ልክ ናት» አለች። ይህንኑ ሳያይ ስድስት ወር ሙሉ የሰፋ ሰው መኖሩን አላወቀችም። መቀስ አምጡ አለች።

አንደኛው ጥግ ክሩ ወጥቶ፣ ጥጡ ተንጠልጥሎ ስለነበር ዘለለችው። ሌላውን ደባበሰች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ስፌቱን ተከተለችው። «ይሄ የማን እጅ ነው? እንዴት ደቃቅ ነው» አለች። እኔ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። አፌን ልከፍት ስል... ያቺ ሴት ቀደመችኝ። «የእኔ ነው፣ የኔ ልጅ። ያኛው የተፈታው የአክስትሽ ነበር፤ ይሄኛው የማዶው የእኔ ነው» አለች። ደግሞ ውሸቷን አይደለም። አምናበት ነው። ቅንነት ማለት እንዲህ ነው፤ ሰው ካላመነበት እንደዚያ ደረቱን ነፍቶ መናገር አይችልም።

ታቢታ ያቺን ካሬ አስቆርጣ ሴትዮዋ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ወደ እኔም ዘወር ብላ «ግድ የለሽም አክስቴ፣ ሐሳብሽ ይበቃኛል» አለችኝ። አመሰገንኳት። ልጅ በሠርጓ ማግስት ሁለት ሴቶች በፊቷ ሲካሰሱ ማየት አለባት እንዴ? የለባትም።

አሥራ አንዱን ካሬ ኤልደን ወስዶ የድርቆሹን ክምር አለበሰው። ድርቆሹ እንዲህ ደርቆለት አያውቅም።

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ እዚህ ስላልነበርሽ ነው። ዛሬ እራት እዚያ ቤት ተጠርተሻል አሉ... እዚያ ሄደሽ ማንሳት አያስፈልግም። በጭራሽ። ዶሪን ግን እውነትም እንዲህ ነበር ወይ ብለሽ ብትጠይቂያት አትዋሽም፤ እሷም እራት ተጠርታለች።

እንግዲህ ነገሩ ያለቀው እንዲህ ነው፤ የወንድሜ ልጅ በእኔ ስፌት ሥር እየተኛች፣ ጠዋት ጠዋት እናቷን ታመሰግናለች። እኔም ለዚያች ሴት ክፉ አልመኝም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣት፣ የልጅ ልጅ ያሳያት። እስከ ዕድሜዋ መጨረሻም እንዲህ አድርጎ የሚሰፋላት ሰው አያሳጣት።