ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ሆቴል

«ፈረንሳይ ለኮሚክስ ፌስቲቫሉ የሄድኩ ጊዜ ጠፋሁልህ እኮ!» ሲል ሰማሁና ልቤ ስንጥቅ አለች። ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ጀሞ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ናቸው። የኔም ልጅ በስዕል የሠራችውን መጽሐፍ ይዛ ለዚያው ፌስቲቫል ተጋብዛለች፤ እኔ ግን ሰው አገር ትጠፋብኛለች ብዬ ፈርቼ እሺ አላልኳትም።

«ትንሽ ከተማ ናት አላልክም? እንዴት ትጠፋለህ?»

«ትንሽ ናት፣ ጥንታዊ፣ ኮረብታ ላይ። የቤቱ ግድግዳ ሳይቀር ስዕል ነው። ሽበታም ሽማግሌ መጽሐፉን ሊያስፈርም በዝናብ ተሰልፏል። እሱን ስመለከት ጓደኞቼ ጥለውኝ ሄደዋል።»

«የሆቴሉን ስም አታውቅም?»

«ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።»

«እንደኛው ብስራተ ገብርኤል ሰፈሩ በቤተ ክርስቲያኑ የሚታወቅ መሰለህ!»

«በየት ብዞር ቤተ ክርስቲያን ነው። ስልኬ ደግሞ ባትሪ ጨርሷል።»

«ቋንቋስ?»

«ቦንዡር ብቻ።»

«አይ አንተ! ከዚያስ?»

«ደብተሬን አውጥቼ የደወል ቤቱንና የሆቴሉን ሰማያዊ በር ሳልኩ። ዳቦ የሚሸጡ አንዲት እናት አይተው ሳቁ። እርሳሴን ተቀብለው እኔ የረሳሁትን ደረጃ ጨመሩበት።»

«እሳቸውም ሰዓሊ ናቸው?»

«በዚያ ሰሞን ማን ያልሆነ አለ? ሱቃቸውን ዘግተው እስከ በሩ አደረሱኝ፤ ዳቦም አስያዙኝ።»

«ዘንድሮስ ትሄዳለህ?»

«ይጋብዙኝ እንጂ በእግሬም እሄዳለሁ!»

ጀሞ ስወርድ፣ «ተመስገን፣ ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ ልጄ ትሂድ» አልኩ በልቤ።