የትርሲት ጠበል

እናቴ ከአዲስ አበባ በሰው የላከችልኝን የማርያም ጠበል በሃይላንድ አድርጌ አልጋዬ ሥር አኑሬው ነበር። ያኔ ጁባ፣ ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር፣ ከምንሠራበት ምግብ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ከትርሲት ጋር ነበር የምንኖረው። ትርሲት ጴንጤ ናት፤ "ውሃ ከውሃ ምን ይለየዋል?" እያለች ትተርበኛለች። እኔም አኮርፋታለሁ።

አንድ ቀን ወባ ጣለኝ። ኪኒኔን ውጬ ተጋደምኩ። ቆርቆሮው ጣራ እንደ ሰው ይተነፍስ ጀመር፤ የማንጎው ጥላ ግድግዳው ላይ ይዋኛል። "ትርሲት፣ ጠበሌን..." አልኩ። ቆየችብኝ። ከደጅ ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ፤ ከዚያ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ለቅሶ። አንገቴን ቀና ያደረገችኝ እናቴ መሰለችኝ፤ ነጠላዋ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ጠጣሁ። ፊቴንም ረጨችኝ። የደብራችን ደወል ከሩቅ እየተሰማኝ፣ ደመና ላይ እየሄድኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ትኩሳቱ ለቆኝ፣ ርቦኝ ነቃሁ፤ ትርሲት ቁርስ ታሰናዳለች። "አየሽ የማርያምን ሥራ!" አልኳት።

ትርሲት አንገቷን ደፋች። "ጠበልሽን እኮ ባለፈው የውሃ ቦቴው የቀረ ቀን ሳላውቅ ሩዝ ቀቅዬበታለሁ። ትናንት በሃይላንዱ ቀድቼ ያጠጣሁሽ የቦቴ ውሃ ነው። ስትቃዢ ጨነቀኝና ተንበርክኬ በኢየሱስ ስም ጸለይኩበት።"

ልቆጣ ፈለግኩ፤ ቁጣው ግን አልመጣልኝም። ሃይላንዱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ አየሁት፤ ከሥሩ ትንሽ ቀርታለች። አማተብኩ።

"ቁርሱን ተይውና መጀመሪያ ይቺን ቅጂልኝ" አልኳት። "ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው።"