ከሦስት ሴቶች ትከሻ ላይ

ጭብጨባ ስሰማ እስካሁን እግሬ አያርፍም። ዘመሮ ከተማ ስማር የስፖርት መምህራችን ስምንት ሴቶች መርጦ፣ ለትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን የምናሳየውን የድጋፍ ትርኢት ከበሮ እየመታ ያለማምደን ጀመር። «ይሄ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው፤ በሰው አገር ይወዳደሩበታል» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀብን። በዚያ በዘመሮ ብርድ ላብ በላብ እየሆንን፣ ይሄ ስፖርት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ከሁሉም በላይ፣ ከሦስት ሴቶች ትከሻ ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። አባቴ ግን አያውቁም። ደብተራ ናቸው፤ ሜዳ ላይ ስዘል ካዩኝ ከትምህርት ቤት ያስወጡኛል ብዬ ደብቄያቸው ነበር።

ቡድናችን ከቀየት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር በኳስ የተጋጠመ ቀን፣ ከላይ ቆሜ እጄን ስዘረጋ ከሕዝቡ መሃል የአባቴን ጥምጣም አየሁ። ደንግጬ ያለ ተራዬ ዘልዬ ወረድኩ። ከሥሬ የነበሩት ሦስቱም ተደራርበው ወደቁ፤ ተመልካቹ በሳቅ አውካካ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት ከፊቴ ይራመዳሉ። መቼ ዞረው እንደሚመቱኝ ስጠብቅ አላስችል አለኝ።

«አባባ፣ ይምቱኝና ይገላግሉኝ!» አልኳቸው።

ቆሙ። «ከበሮው ሳያበቃ ለምን ወረድሽ?»

«እርስዎን አይቼ ነዋ!»

«እኔ ማሕሌት ቆሜ ሳለሁ ጳጳስ ቢገባ፣ ጓደኞቼን ጥዬ እሮጣለሁ?» ብለው መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ መቱ። «በይ፣ ከመጀመሪያው አሳዪኝ።»

እዚያው መንገድ ላይ፣ ገበያተኛው እያየን፣ እሳቸው በመቋሚያ እየመቱ እኔ ዘለልኩ። ስጨርስ ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ቀና አልኩ።

«ግራ እግርሽ ይዘገያል» አሉ። «ድገሚ!»