ዘንድሮ የማትመረቀው የጥርስ ሐኪም

ከቴፒ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚኒባስ ስንሄድ ከፊቴ አንድ አዛውንትና ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጃቸው ተቀምጠው ነበር።

«አባዬ፣ ዘንድሮ አልመረቅም።»

«ወድቀሽ ነው?»

«አይደለም። ከጥርስ ሕክምናው ጋር የምርምር ዶክትሬትም እንድሠራ መረጡኝ። ሦስት ዓመት ይጨምራል።»

«ምንድን ነው የምትመራመሪው?»

«የኛ አካባቢ ልጆች ጥርስ ለምን ቶሎ እንደሚበላሽ።»



«እሺ በያቸው።»

«ያንተስ ጥርስ? እኔ እስክተክልልህ ስንት ዓመት ጠበቅህ። አሁን ሌላ ሐኪም ይሥራልህ።»

«የገዛ ልጄ እያለች አፌን ለማን እከፍታለሁ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ልትበላ ነው?»

«ጎደሬ። እናትሽ በደንብ ካበሰለችው ጥርስ አይፈልግም።»

ልጅቷ ትከሻቸው ላይ ተደገፈች።

እኔ መውረጃዬን አሳልፌ እስከ መናኸሪያው አብሬያቸው ሄድኩ።