ጸሐፊው ያልፈረመበት አቤቱታ

ምክር መስጠት እወዳለሁ። ባለቤቴ «ሰው ሳይጠይቅህ አትምከር» እያለች ትገሥጸኛለች፤ እኔ ግን ለንደን ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ፣ ለስንቱ አስተርጉሜ እንዴት አፌን ልያዝ? ይህን የምጽፈው ግን በምክሬ ልኮራበት አይደለም። የሰጠሁት ምክር አንድ ሰው ሊያጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2000 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ፊንስበሪ ፓርክ ላይ ሃያ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ስሳፈር አቶ ኃይለመለኮት እንግዳወርቅ ከኋለኛው በር አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ባዶ ወንበር ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ብረቱን ጨብጠው ቆመዋል።

«ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«በር ይሻለኛል» አሉ በሹክሹክታ። «ደግሞ ስሜን እየጠራህ አትጩህ፤ እዚህ አውቶቡስ ላይ የእኛ ሰው አይጠፋም።»

አንባቢዬ እኚህን ሰው ይወቃቸው። አዲስ አበባ፣ አንድ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፤ ሀብታቸው ይኸው ነው። ባሏ የከዳት፣ መሬቱ የተወሰደበት፣ ጡረታው የተቋረጠበት ሁሉ እሳቸው ጋ መጥቶ ሆዱን ያራግፋል፤ እሳቸው አሳምረው ይጽፉለታል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወጣቶች እየታፈሱ ወደ ሩቅ ካምፕ ሲጋዙ ደግሞ ለአሥራ አራት እናቶች «ልጆቻችን የት ናቸው?» የሚል አቤቱታ ጻፉ። ወር ሳይሞላ እናቶቹ በስማቸው ዝርዝር መሠረት አንድ በአንድ ተጠሩ። የጽሕፈት መኪናዋ ተወረሰች፤ «ጸሐፊው ማነው?» እየተባለ ሦስት ጊዜ ቤታቸው ተፈተሸ። ነፍሴ አውጪኝ ብለው ወጡ፤ ዞረው ዞረው ለንደን ደረሱ።

«ወዴት እየሄዱ ነው?» አልኳቸው።

«ካምደን፣ ጠበቃዋ ጋ። ልተወው ነው ልዑልቃል። ይበቃኛል፣ ይመልሱኝ ልላት ነው።»

የጥገኝነት ጥያቄያቸው ውድቅ ሆኗል፤ ይግባኝ ብለዋል። እስከ ሐሙስ ለጠበቃዋ ዝርዝር መግለጫ ጽፈው ካልፈረሙላት ዳኛው በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በሰጡት በድሮው ቃላቸው ይፈርዳል። በድሮው ቃላቸው ከተፈረደ ደግሞ መመለሳቸው ነው። ስንት ሰው ተመልሶ ወሬው እንደጠፋ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለውን፣ ጥያቄያቸውን ውድቅ ያደረገውን የመንግሥት ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝ። በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። «አመልካቹ ጻፍኩት የሚለውን አቤቱታ ለማን እንደጻፈ፣ እነማን እንደፈረሙበት፣ መቼ እንደጻፈው አልተናገረም። ስለዚህ ታሪኩ የሚታመን ሆኖ አላገኘነውም» ይላል።

ጆሮዬ ጋለ። ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ሲገቡ «ስም የሚባል አይጥሩ። ‹አንዳንድ እናቶች› ይበሉ፤ ‹አንድ ባለሥልጣን› ይበሉ፤ ዝም አይነቅዝም» ብዬ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ብልህ መሆኔ ነበር። አገር ቤት ሰው የሚተርፈው እንዲህ ተናግሮ ነው፤ «ተባለ፣ ተደረገ፣ ተወሰደ» ብሎ፣ ማን እንዳደረገው ሳይጠራ። እዚህ ግን እንዲህ የሚናገር ሰው ውሸታም ይመስላል።

ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ ዞር ብላ «ጋሼ ልዑልቃል፣ እንደምን ዋሉ?» ስትል የጋሽ ኃይለመለኮት ፊት አመድ መሰለ።

«የማን ልጅ ናት?» አሉኝ፣ ወደ በሩ እየተጠጉ።

«አይስጉ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው የአልታየሽ ልጅ እድላዊት ናት። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትማራለች።»

«ሶሪ አባባ፣ ሳልፈልግ ሰማሁ» አለች። «ግን እኔ የማጠናው ልክ እንደዚህ ያለ ነገር ነው። ሻይ ልጋብዛችሁና ላሳያችሁ?»

ካምደን ወርደን አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ጋሽ ኃይለመለኮት በሩን የሚያሳይ ወንበር መርጠው ተቀመጡ። እድላዊት ከቦርሳዋ የኮፒ ክምር አወጣች።

«የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አየርላንድ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ነበረች» አለች። «ድሆቹ ደብሊን ላለው የገዥው ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ይጽፉ ነበር። ይቺ ብሪጂት የምትባል ሴት ናት። ባሏ ከመሸ በኋላ ከቤት ውጪ ተገኘህ ተብሎ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ እንዲጋዝ ተፈርዶበታል።»

«ከመሸ ስለወጣ?»

«ያኔ አመፅ ነበር፤ ሕጉ እንደዚያ ነበር። ላንብብልዎት፦ ‹ክቡር ሆይ፣ ምስኪን አመልካች ከእግርዎ ሥር ወድቃ...›»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉና መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «መጨረሻው ‹ዕድሜዎን ያርዝምልኝ እያልኩ ዘወትር እጸልያለሁ› ይላል?»

«እንዴት አወቁ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራ የበላሁበት አይደለም እንዴ» አሉና ሳቁ። ካወቅኋቸው ጀምሮ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «እና ምን አሏት?»

ልጅቷ ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው የተጫረውን አሳየቻቸው። «‹ሕጉ መንገዱን ይከተል› ብለው ጽፈውበታል።»

ሳቁ ጠፋ። «አየሽ ልጄ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። እዚያም ያው ነው።»

«አላለቀም አባባ። የመጀመሪያው ላይ ‹ባሌ ንጹሕ ነው፣ ልጆቼ ተራቡ› ብቻ ነው ያለችው። ሁለተኛው ይኸውልዎት። ‹በዚህ ቀን በጻፍኩት አቤቱታ ላይ እጨምራለሁ፤ ባሌ ያን ምሽት የወጣው ምጥ ይዞኝ አዋላጅ ሊጠራ ነው፤ አዋላጇ ስሟ ይህ ነው፣ ቤቷ እዚህ ነው› ትላለች። አዋላጇም በፊርማ ፈንታ ምልክቷን አድርጋለች። ከዚህኛው ጀርባ ‹ይጣራ› ተብሎ ተጽፏል። ከሦስተኛው ጀርባ ‹ይፈታ›።»

እኔ ይኼኔ ጣልቃ ገባሁ፤ መቼም አያስችለኝም። «ይኸውልዎት ጋሽ ኃይለመለኮት፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ስምና ቀን ነው ሰውየውን ያወጣው።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ስም አትጥራ ያልከኝ?»

ሻዬን አማሰልኩ።

«አጠፋሁ» አልኩ በመጨረሻ። «የራሴን ፍርሃት ምክር ብዬ ሰጠሁዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

እሳቸው አልሰሙኝም፤ ወደ ልጅቷ ዞረው «አዋላጇስ?» አሉ።

«ምን?»

«ስሟን የሰጠችው አዋላጅ። እሷስ ምን ሆነች? ያን ምሽት እሷም ከቤት ወጥታለቻ። አልጠየቋትም? አላሰሯትም?»

እድላዊት ወረቀቶቹን አገላበጠች፤ እንደሌለ ግን ታውቅ ነበር። «አላውቅም» አለች። «ስለሷ የተገኘ ወረቀት የለም።»

«እሱን ነው የምጠይቅሽ» አሉ። «የተፈታውን ትነግሪኛለሽ። ስሙ የተሰጠው ሰው ምን እንደሆነ ግን ታሪክሽ አያውቅም። አሥራ አራት ስም በእጄ ጽፌ፣ አሥራ አራት ሰው አስጠርቻለሁ። ከእናቶቹ አንዷ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ አሥራ አንድ ወር ታስራለች። አሁን ደግሞ ነፍሴን ላድን ብዬ እንደገና ልጻፋት? እባብ ያየ በልጥ በረየ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያየሁት ግን እባቡን ነው።»

እውነት ለመናገር፣ እኔም ፈራሁ። የሰውየው ፍርሃት ሞኝነት ቢሆን ኖሮ ለመምከር አይከብደኝም ነበር። በፍርሃት ብቻ ወደ ሞት የሚመለሱ መስሎኝ ሳለሁ፣ ለካ ሌላ ሰው ሊያድኑ ነው የሚሞቱት። ልጅቷም ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ጋሽ ኃይለመለኮት ወረቀቶቹን ይመለከቱ ጀመር። እንግሊዝኛውን አያነቡትም፤ ዓይናቸው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ቆየት ብለው የብሪጂትን አቤቱታና የሌሎች ሁለት መንደርተኞችን ወረቀት ጎን ለጎን አኖሩ።

«እነዚህን የጻፈው አንድ ሰው ነው» አሉ። «ይቺ ሴትዮ መስቀል ነው ያደረገችው፤ መጻፍ አትችልም። ይኼ የእጅ ጽሑፍ የሙያ ባልደረባዬ፣ የራፖር ጸሐፊ ነው። መስመር ሲጨርስ ጭራ ማስረዘም ይወዳል።»

«ልክ ነዎት» አለች ልጅቷ። «የመንደሩ አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን።»

«ስሙስ?»

«የለም። የትም አልጻፈውም።»

አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ እንኳ ቀና አላሉም።

«እኔም አልጻፍኩም» አሉ። «እናቶቹ ‹እርስዎስ አይፈርሙም?› ሲሉኝ ‹ጸሐፊ አይፈርምም፣ ደንብ ነው› አልኳቸው። የምን ደንብ። ፈርቼ ነው። እነሱ ሲጠሩ እኔ ሹልክ አልኩ። ‹ስማቸውን ለመጠበቅ ነው ዝም ያልኩት› እላለሁ እንጂ፣ ዳኛ ፊት ስማቸውን ከጠራሁ ‹ያንተስ ስም የት ነበር?› የሚለኝ እየመሰለኝ ነው።»

እንግዲህ ሰው ይህን ያህል ካወጣ በኋላ ምክር ምን ይጨምርለታል? ለመጀመሪያ ጊዜ ምክሬን ዋጥኩና ጥያቄ ጠየቅሁ።

«የወይዘሮ ሸዋረጋን ስልክ ያውቁታል?»

ያውቁታል። በቃላቸው ያውቁታል፤ ከእስር መውጣቷን ከሰሙ ጀምሮ ግን አንድ ቀን ደውለው አያውቁም። «መስመሩ ይጠለፋል» አሉ። «ይጠለፍ» ብዬ ስልኬንና የመደወያ ካርዴን አወጣሁ። ቁጥሩን እየነገሩኝ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። እኔም ጣቴ እየሳተብኝ ሁለቴ ደወልኩ።

ስልኩ ተነሳ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ወይዘሮ ሸዋረጋ» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰባብሮ። «ራፖር ጸሐፊው ነኝ።»

የዘጋችው መስሎኝ ነበር።

«በሕይወት አሉ?» አለች። «እኔ እኮ ተዝካርዎን ላወጣ ምንም አልቀረኝ። ልጄ ተፈትቷል። በምን እንደተፈታ አልነገሩንም፤ ብቻ ገብቷል። ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። እኔ... ስምዎን ጻፍኩና አሳሰርኩዎት።»

«እርስዎ ነዎት እንዴ የፈረሙት? በገዛ አውራ ጣቴ ነው የፈረምኩት፤ ማን አስገደደኝ። ልጅ የጠፋበት ሰው ስሙን ደብቆ ልጁን ይፈልጋል?»

ነገሩን አስረዷት። ዳኛው ስም እንደሚፈልግ፣ ስሟን መጥራት እንደሚፈሩ፣ ሐሙስ የመጨረሻው ቀን እንደሆነ። ወይዘሮ ሸዋረጋ አዳመጠች፤ ከዚያ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ያለውን ነገር ተናገረች።

«አቶ ኃይለመለኮት፣ የሚጎዱኝ ሰዎች ስሜን ካወቁት ሁለት ዓመት አልፏል። የማያውቀኝ የእርስዎ ዳኛ ብቻ ነው። ይንገሩት። የሌሎቹን እናቶች ግን እኔ ልጠይቃቸው፤ እሺ ያለችውን ብቻ ይጻፉ። ደግሞ በዚህኛው ላይ እርስዎም ይፈርሙ።»

ካርዱ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። ጋሽ ኃይለመለኮት ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ከዚያ «ልጄ፣ ወረቀት ይኖርሻል?» አሏት።

እዚያው ጀመሩት። እሳቸው በአማርኛ ጻፉ፣ ልጅቷ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠች፣ እኔ ሻይ አቀረብኩ። ከልማድ የተነሣ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ» ብለው ሲጀምሩ እድላዊት «አባባ፣ ዳኛው የሚፈልገው የሆነውን ነው» አለቻቸውና በፈገግታ ሰረዙት። ረቡዕ ማታ በእኔ ስልክ ስንደውልላት ወይዘሮ ሸዋረጋ ዘጠኝ ስም ሰጠች፤ አምስቱ እምቢ ብለዋል፤ አምስቱን አልጻፏቸውም፣ ለምን እንዳልጻፏቸው ግን ጻፉ። ቀኑን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ አቤቱታውን የተቀበለውን ሰው፣ ወረቀቱን ከእናቶቹ እጅ የወሰደበትን መስኮት ሳይቀር ዘረዘሩ። ሐሙስ ዕለት ጠበቃዋ ፊት ሲፈርሙ እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ ፊርማው ተንጋደደ። ሌላ ወረቀት ልትሰጣቸው ስትል «አይ፣ ይሁን፤ የእኔው ነው» አሏት።

ችሎቱ በሚያዝያ ዋለ። ዳኛው «ይህን አቤቱታ የጻፈው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ትንፋሼን ዋጥኩ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ያኔ አልፈረምኩበትም፤ ፈርቼ ነው።» ይህን ማለታቸው ጎድቷቸው ይሆን ብዬ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ውሳኔው ሲመጣ ፖስታውን ራሳቸው መክፈት አልቻሉም፤ ለእኔ ሰጡኝ። «ስለ ፍርሃቱ የሰጠው ቃል ለተአማኒነቱ ማስረጃ ነው» ይላል። ይግባኙ ተፈቅዶላቸዋል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ልማዴ ነውና ልምከር። ለመንግሥት ስትጽፍ የሆነውን እንደሆነ ጻፍ። ውዳሴው ይቅርብህ፤ ቀኑና ቦታው አይቅርብህ። የሌላ ሰው ስም ከመጻፍህ በፊት ባለስሙን ጠይቅ፤ ያንተን ስም ለመጻፍ ግን ማንንም አትጠይቅ። ኮፒ ያዝ፤ የመጀመሪያው ወረቀት ሰሚ ቢያጣ ሁለተኛው እሱን ጠቅሶ ይሄዳል። ካልጻፍክ ደግሞ ነገ የሚመረምር ቢመጣ፣ እንደዚያች አዋላጅ፣ ምን እንደሆንክ የሚያውቅ አይኖርም። «ስም አትጥራ» የሚል የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ቢገጥምህ መጀመሪያ ራሱ ምን እንደሚፈራ ጠይቀው።

ዛሬ ጋሽ ኃይለመለኮት ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ይውላሉ። ቤት የሚፈልግ፣ ሚስቱን ማምጣት የሚፈልግ፣ ደብዳቤ መጥቶለት ያልገባው ሁሉ ይሰለፋል፤ እድላዊት ትተረጉማለች። ባለጉዳዩ ከፈረመ በኋላ እሳቸው ወረቀቱን ይቀበሉና ከሥር «ጸሐፊ፦ ኃይለመለኮት እንግዳወርቅ» ብለው አድራሻቸውን ጭምር ይጽፋሉ። ወንበራቸውን ግን አሁንም በሩን በሚያሳይ በኩል ነው የሚያደርጉት።